የበደለን ሰው ባልሠራው ወንጀል ሲጠረጠር

ሰው ከተበደለ በኋላ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ መያዝ ይከብደዋል። አንደኛው በዳዩ በእርግጥ ያደረሰበት በደል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያው ሰው በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ አድርጎት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥረው ጥፋት ነው። የመጀመሪያው እውነት ስለሆነ ሁለተኛውም እውነት ሆኖ ይታየዋል። ይህን ነገር እንድናወጣና እንድናወርድ ምክንያት የሆነን፥ አንባብያን ይታገሡንና፥ ከባድ የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን በአንድ አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ቤት ዙሪያ የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ ነው።

መጽሐፉን ያገኘነው በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ከሚኖር አንድ ዘመዳችን ነው። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በአውሮፕላን ላይ አንብቦ የጨረሰውን ትቶልን ሄደ። አርእስቱ «ዴዝ ኦን ታፕ» ይባላል፤ «ሞት ከቢራው መቅጃ» ብንለው ከአሳቡ ብዙ አንርቅም። ደራሲዋ ኤሊ አሌግዛንደር በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ አሜሪካዊት ስትሆን፥ መጽሐፉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዚያችው ባለታሪክ ኑሮና ምርመራ በተከታታይ መጻሕፍት ቀጥሏል።

ታሪኩ የሚፈጸምባት ሌቨንወርዝ በልብ ወለድ ብቻ ያለች ከተማ አይደለችም። በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ፥ ከሲያትል የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቃ ትገኛለች። ቀድሞ ከባቡር መንገዱና ከእንጨት መሰንጠቂያው የተነሣ ትኖር ነበር። ባቡሩ በሌላ በኩል መሄድ ሲጀምርና መሰንጠቂያውም ሲዘጋ ከተማይቱ እየመነመነች ሄደች። ነዋሪዎቿም በ1960ዎቹ ተመካክረው የቤቶቻቸውን ፊት በጀርመን አገር በባቫሪያ አሠራር ለወጡና እንግዳ እንዲጎበኛት አደረጉ። ዘመዳችን እንደነገረን ዛሬ በመንገዷ የሚያልፍ ሰው በአውሮፓ ተራሮች መካከል ያለ ይመስለዋል። በዚያው ክፍለ ሀገር የሚገኘው የያኪማ ሸለቆ ሆፕስ የተባለውን ተክል በብዛት የሚያበቅል ነው፤ አሜሪካ ከምታመርተው ሆፕስ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከዚያው ክፍለ ሀገር ይመጣል። ሆፕስ ለቢራ፥ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ነው፤ መራራነቱንና መዓዛውን ይሰጠዋል። እንግዲህ ደራሲዋ የቢራ ታሪክ ለመጻፍ ቦታውን አልሳተችም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስሎን ክራውስ የጠመቃን ጥበብ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት። አማቶቿ ኦቶና ኡርሱላ ከጀርመን አገር መጥተው በከተማይቱ የቤተ ሰብ ቢራ መጥመቂያ ያቋቋሙ ሰዎች ሲሆኑ፥ እርሷም ከልጃቸው ከማክ ጋር ተጋብታ፥ ወንድ ልጅም ወልዳ በዚያው ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ግን ባሏን ከመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ጋር በዝሙት ላይ ታገኘዋለች። ከቤት ታስወጣዋለች፤ የአማቶቿንም ድርጅት ትታ ናይትሮ በሚባል አዲስና እጅግ ትንሽ በሆነ መጥመቂያ ቤት ተቀጥራ መሥራት ትጀምራለች። የናይትሮ አዲስ ቢራ ስሙ እየገነነ ሲሄድ ማክ ይቀናል። በዚህ መካከል ከተፎካካሪዎቹ ጠማቂዎች አንዱ ጥንስሱ በሚብላላበት ትልቅ ጋን ውስጥ ሞቶ ይገኛል፤ በእጁም የዚያን ቢራ የምስጢር አሠራር የያዘ ወረቀት ጨብጧል። ሬሳውን ያገኘችው ራሷ ስሎን ናት። ተይዞ የታሰረው ደግሞ ማክ ነው።

ገዳዩ ማን እንደሆነ አንናገርም፤ መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ ሰው ቢኖር ደስታውን ልንቀማው አይገባንምና።

እንዲህ ያለውን ድርሰት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኮዚ» ይሉታል። ቃሉ በብርድ ቀን ጋቢ ተከናንቦ በእሳት ዳር የመቀመጥን ምቾት የሚያመለክት ነው። ግድያ አለበት፥ ደም ግን ብዙ አይታይበትም፤ መርማሪው ፖሊስ ሳይሆን ዳቦ ጋጋሪ፥ መጽሐፍ ሻጭ ወይም እንደዚህች ሴት ቢራ ጠማቂ ነው፤ ቦታውም ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መንደር ነው። መንገዱን ከጠረጉት አንዷ አጋታ ክሪስቲ ናት፤ ሹራብ የምትሠራውን ባልቴት ሚስ ማርፕልን ዋና ባለታሪክ አድርጋ የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለድ በ1930 አሳተመች። ከዚያ በፊት በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ካህን ለእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ዐሥር ሕጎችን ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ሕግ ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ስሙ የተነሣ ሰው መሆን አለበት የሚል ነው። ይህ ማለት አንባቢው ገና ከመግቢያው ጀምሮ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ እንዲጠረጥር ተፈቅዶለታል ማለት ነው። አንዳንድ መምህራን ይህን ንባብ ጊዜ ማባከኛ ነው ይሉታል። የእንግሊዙ ባለቅኔ ኦደን እንኳ በ1948 በጻፈው ድርሰት ይህ ንባብ ለእርሱ እንደ ትምባሆና እንደ መጠጥ ያለ ሱስ መሆኑን ሳያፍር ተናግሯል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ አንባቢው በልቡ የጥፋተኝነት ስሜት ያለበት ሰው ስለሆነ፥ ወንጀሉ በሌላ ሰው ላይ ተገኝቶ እርሱ ንጹሕ ሲባል ማየት ይወዳል አለ። በዚህ ብልህ አሳብ ላይ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንባቢው ንጹሕ መባልን ብቻ ሳይሆን፥ የሚጠላው ሰው ወንጀለኛ ሆኖ እንዲገኝለትም ይፈልጋል። እኛ ይህን መጽሐፍ ስናነብ ማክ ገዳይ ሆኖ ቢገኝ በወደድን ነበር። ሚስቱን ከድቷልና።

በቋንቋችን ሤራ «ይጠነሰሳል» እንላለን፤ ቃሉን የወሰድነው ከጠላ ጋን ነው። ጌሾና ብቅል በውኃ ተዘፍዝፎ፥ አፉ ተከድኖ ቀናት ሲቆይ ማንም ሳይነካው ይሠራል። ቢራም እንዲሁ ነው። ከብቅል የወጣው ጣፋጭ ውኃ በሆፕስ ተፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾውም ስኳሩን እየበላ አልኮልንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። ይህ አየር ከምንተነፍሰው አየር የከበደ ስለሆነ በጋኑ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ሳያስብ ወደ ውስጥ የገባን ሠራተኛ ትንፋሽ አሳጥቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በቢራ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ጋን ከማጠባቸው በፊት አየሩን ያስወጣሉ። ቂምም በሰው ልብ ውስጥ ተከድኖ ሲቀመጥ እንዲሁ ይሠራል፤ ባለቤቱ ግን የተኛውን አየር አያየውም።

ወደ ስሎን እንመለስ። ባሏ በታሰረ ጊዜ «የእጁን አገኘ፥ እሰየው!» ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? እርሷ ግን ማክ ከዳተኛ ቢሆንም ነፍሰ ገዳይ ነው ብላ ማመን አልቻለችም፤ እውነተኛውንም ገዳይ ልትፈልግ ተነሣች። ብዙ አንባቢ ይህን የፍቅር ቅሪት ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል፤ ወይም የልጇ አባት ስለሆነ ነው ይል ይሆናል። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አለበት እንላለን። ስሎን ባሏ አልገደለም ስላለች ወደ ቤቷ አልመለሰችውም። ክህደቱን አልሰረዘችለትም። ሁለቱን ሒሳብ በሁለት መዝገብ ያዘች።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። ለአንድ ሥራ የተመደበ ገንዘብ ለሌላ ሥራ ቢወጣ፥ የወጣበት ጉዳይ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ጥፋት ነው። ወጪው ከየትኛው የበጀት አርእስት እንደሚነሣ ሳይታወቅ አይከፈልም። የተበደለ ሰው ልብ ግን እንዲህ ያለ የሒሳብ ሹም የለበትም። ያልተከፈለው ዕዳ ስላለ፥ ከየትም ይምጣ ከየት፥ በበዳዩ ላይ የወረደውን መከራ ሁሉ እንደ ክፍያ ይቀበለዋል። ማክ በዝሙቱ አልተቀጣም፤ በግድያው ቢቀጣ ምን አለበት? እንዲህ ብለን በቃል አንናገረውም እንጂ በልባችን እንዲህ እያልን ነው።

በአገራችንም ሰው ወንጀለኛን ሲፈልግ የኖረባቸው መንገዶች ይህን ፈተና ያውቁታል። ሌባ ሻይ የተባለው ልማድ አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ከተደረገ በኋላ እየተወላገደ ሄዶ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ያደርግ ነበር። በአውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ጊዜ ደግሞ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪጠቆምም ወደ ቤቱ አይመለስም። በስውር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። የአፈርሳታው ሜዳ ከእነዚያ ልብ ወለዶች መንደር ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል! ሁሉም ተጠርጣሪ ነው፥ ሁሉም ይተዋወቃል፥ ከመካከላቸውም አንዱ ሠርቶታል። እርሻው የሚጠብቀው፥ ከብቱ ያላደረ፥ ለቀናት በፀሐይ የተቀመጠ ገበሬ «እገሌ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ድምፅ ሲሰማ፥ ያ እገሌ ባለፈው ዓመት ድንበር የገፋበት ሰው ከሆነ፥ ምን ያህል ይከራከርለታል?

ሕግ አውጪዎች ይህን የሰው ድካም ያውቁታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በ138ኛው አንቀጽ፥ ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋት ጥፋተኛ መሆኑ ከመረጋገጡ በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዳይገለጥ ደነገገ። ሕጉ ዳኛውን ሞኝ አድርጎ አይደለም። ዳኛም ሰው ስለሆነ፥ የትናንቱን ስርቆት ከሰማ የዛሬውን ማስረጃ በዚያው ዓይን ማየቱ አይቀርም ብሎ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያዘው በፍርድ ቤት ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤት፥ በዕድር፥ በቡና ላይ 138ኛውን አንቀጽ የሚያነብልን ማን ነው?

አሁን የራሳችንን ነገር ልንናገር ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ዛሬ በማንሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ሳለን አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረን። እርሱ ያዘገየውን የሩብ ዓመት ዘገባ እኛ እንዳዘገየነው አድርጎ ለአለቃችን ተናገረ። እኛም ለመከራከር ስናመነታ የደረጃ ዕድገቱ አለፈን። ነገሩ እርግጠኛ ነው፥ ወረቀቱን በዓይናችን አይተነዋል። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ።

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ለጥቃቅን ወጪ ከሚቀመጠው ገንዘብ 6,200 ብር ጎደለ። የሣጥኑ ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ አንዱ ይኸው ባልደረባችን ነው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመና ሠራተኛውን በየተራ ጠራ። እኛም ገባን። ስለ ገንዘቡ የምናውቀው ነገር እንደሌለ ተናገርን። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፥ «እንደው ስለ ጠባዩ የሚያውቁት ነገር ካለ ቢነግሩን» አሉን። የዘገባውን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርናቸው። ከተናገርነው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ስንወጣ ግን በሩን ይዘን ዞር አልንና «እንግዲህ ከእርሱ የማይጠበቅ አይደለም» አልን።

ባልደረባችን ከሥራ ታገደ፥ ደመወዙም ተያዘ። ሦስት ወር ሙሉ በደጅ ጥናት ሲመላለስ እናየው ነበር። ልጁን ከሚማርበት የግል ትምህርት ቤት እንዳስወጣው በወሬ ሰማን። እኛ በዚያን ጊዜ ምን ተሰማን? እውነቱን ለመናገር ኀዘን አልተሰማንም፤ ደስታም ነበር ብንል ከልክ እናልፋለን። የተሰማን የተዘበራረቀ ነገር መልክ ሲይዝ የሚመጣው ዓይነት ዕረፍት ነበር። ሰኔ 30 ቀን በጀት ሊዘጋ ሲል ሒሳብ መርማሪው መዛግብቱን ሲያገላብጥ፥ ለማተሚያ ቀለም የተከፈለ የ6,200 ብር ደረሰኝ ከሌላ ሰነድ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ገንዘቡ አልተሰረቀም ነበር። ባልደረባችን ወደ ሥራው ተመለሰ፥ ውዝፍ ደመወዙም ተከፈለው፤ ይቅርታ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። እኛ ለኮሚቴው ያልነውን እርሱ ይወቅ አይወቅ አናውቅም፤ እኛም እስከ ዛሬ አልነገርነውም።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወመን ይችላል። «የሰው ጠባይ ምንም አይናገርም ልትሉ ነውን? የዋሸ ሰው እንደሚዋሽ፥ የሰረቀ እንደሚሰርቅ ማሰብ ጥንቃቄ እንጂ ጥፋት አይደለም» ይለን ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እኛም ብንሆን አንድ ጊዜ ያታለለንን ሰው ዋስ አንሆንለትም፤ ስሎንም ማክን እንደገና ባል አድርጋ አላመነችውም፥ ልክ ናት። ይሁን እንጂ ማመንና መፍረድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አደራ የምንሰጥ ሰዎች ገና ያልሆነውን ስለምንገምት፥ በጠባይ ከመመራት በቀር ሌላ መንገድ የለንም። ፍርድ ግን የሚጠይቀው በዚያች ሌሊት፥ በዚያ ጋን አጠገብ፥ ማን ምን አደረገ ብሎ ነው። ይህም አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ ነገር ነው፤ ማክ ክፉ ባል መሆኑ አይለውጠውም። ኮሚቴው ቁልፉን ለማን እንስጥ ብሎ ጠይቆን ቢሆን ኖሮ የዘገባው ታሪክ ቦታው ነበር። የጠየቀን ግን ገንዘቡን ማን ወሰደው ብሎ ነው፤ እኛም ላልተጠየቅነው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ሰጠን።

በልብ ወለዱ ላይም አንድ ቅሬታ አለን። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በንጹሑ ላይ የተጣለው ክስ ከመጨረሻው ገጽ በፊት እንደሚነሣ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ፍትሐዊ መሆን አያስከፍለውም፤ ሻዩን እየጠጣ ይጠብቃል። በኑሮ ግን ደረሰኙ ሁልጊዜ አይገኝም። ሒሳብ መርማሪው ያን ሰነድ ባይገልጠው ኖሮ፥ «የማይጠበቅ አይደለም» ያልነው ቃል እስከ ዛሬ እንደ አስተዋይ ሰው ምስክርነት ተቆጥሮልን በኖረ ነበር። ደራሲዋ ለዚህ ተጠያቂ አይደለችም፤ የምትጽፈው ሰውን የሚያሳርፍ መጽሐፍ ነው፥ ያንንም በሚገባ ሠርታዋለች። ነገር ግን ማክ ንጹሕ መሆኑ ፈጽሞ ሳይታወቅ መጽሐፉ ቢያልቅ፥ ስሎን እስከ ምን ድረስ ትቆምለት ነበር? ይህን ጥያቄ መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ ብዙ ጊዜ ስናስበው ቆየን።

ባለፈው ወር ያን የቀድሞ ባልደረባችንን በአንድ ሻይ ቤት አገኘነው። ጠጉሩ ሸብቷል። አብረን ተቀመጥን። መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ እኛም ታሪኩን ማክ እስከ ታሰረበት ድረስ አጫወትነው።

«ታዲያ ሚስቱ ምን አለች?» አለን።

«በእኔ ላይ ያደረገው ሌላ፥ ይህ ሌላ ብላ ቆመችለት» አልነው።

ስኳሩ የሟሟውን ሻይ ደጋግሞ አማሰለ። ከዚያም ስለ ልጁ አወራን፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ልንነሣ ስንል ሒሳቡን እኔ ልክፈል፥ የለም እኛ እንክፈል ተባባልን። በመጨረሻ እርሱ ከፈለ።